በቦይ ውሃ ገብስ የዘራው ሰው

አንድ ገበሬ ከማሳው ዳር ቆሞ መሬቱን ያያል። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ገና አልበረታችም። መሬቱ ነጭ ሆኗል።

በረዶ ነው እንዳትሉ፣ ቦታው ቆላ ነው። ዱቄት የፈሰሰበትም አይደለም። ጨው ነው። በጣቱ ነክቶ ቢቀምሰው ያውቀዋል፤ ግን አይቀምሰውም። ለምን ይቀምሰዋል? በየዓመቱ ሲቀምሰው ኖሯል።

እስቲ ወገኖቼ፣ ይህን ማሳ አብረን እንየው።

ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በቦይ እየተመራ ወደዚያ ሜዳ ይወርዳል። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ሜዳው የሚያበቅለው ማሽላ ነበር፤ ያውም ዝናብ ደግ በሆነ ዓመት። ቦዩ ሲመጣ ሽንኩርት መጣ። ሽንኩርት ሲመጣ የሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ። የጭነት መኪና እስከ ማሳው ድረስ ገባ። ሴት ልጁን የሚድር ሰው ለሚመጣው አማች «ስንት በሬ አለህ?» ማለቱን ትቶ «መሬትህ ቦይ ዳር ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

ውሃው ገባ፤ መውጫ ግን አልነበረውም። ማስገቢያውን ሁሉም ሰው ቆፍሮታል። ማስወጫውን ማንም አልቆፈረም፤ ምክንያቱም ማስወጫ መሬት ይወስዳል፣ ሽንኩርትም አይተከልበትም። ስለዚህ ውሃው ከመሬቱ በታች ተጠራቀመ፤ ተጠራቅሞም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ቀረበ። ውሃ የምታፈሉበትን ድስት ታውቁታላችሁ። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ከግርጌው ነጭ ነገር ይቀራል። መሬትም እንደዚያው ነው። ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨውን አትወስድም። ትታው ትሄዳለች።

የሰፈሩ ሰዎች ይህን ገበሬ አያ አስረስ ይሉታል። ሰነፍ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ መሬቱ የነጣበት ሰው ሲታይ ሰነፍ ነው ለማለት ስለምንቸኩል ነው። አያ አስረስ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነበር።

መሬቱ መጀመሪያ ሲነጣ ምን አደረገ? ተጠምቶ ነው አለ፤ ውሃ ጨመረበት። ጨውም ጨመረ።

ቀጥሎ ምን አደረገ? ከሽንኩርት ተከላ በፊት አካፋ ይዞ ወጣ። ነጩን ከላይ ከላይ ፋቀው፤ በጆንያ እየሞላ ተሸክሞ ከማሳው ድንበር ላይ ከመረው። ሲጨርስ መሬቱ ጥቁር ሆኖ አማረ። «ይኸው፣ ዳነ» አለ። ችግኙን ተከለ፣ አጠጣው። ውሃው ደርቆ መሬቱ ፊቱን ሲያሳይ ነጩ ነገር ተመልሶ መጥቷል።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፋቀ። በሚቀጥለውም ዓመት ፋቀ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። የሽንኩርት ተከላ ሲቃረብ የአካፋው ድምፅ ከየማሳው ይሰማል፤ ሰው ለበዓል ግቢውን እንደሚጠርግ፣ እነሱም ጨው ይፍቁ ነበር። ልማድ ሆነ። ጨው የማይፍቅ ሰው ቢገኝ ቤቱ ለቅሶ አለ ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት ደረጃ ደረሰ።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ጨው ከላይ ታየ እንጂ ከላይ አልመጣም። ከላይ ያልመጣን ነገር ከላይ በመፋቅ ማን አስወገደው?

አያ አስረስ አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ስሙ ውባንተ ነው። ጺሙ ያቀመቀመ፣ ጉልበቱ የሞላ ወጣት ነው። ጨዉን ከአባቱ ጋር የሚፍቀው፣ ጆንያውንም የሚሸከመው እሱ ነበር። በየዓመቱ አባቱ ይነግረዋል። «ዘንድሮ ይሰጣል።» ሽንኩርቱ ይተከላል፣ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ እሳት እንደ ነካው ይሆናል፣ ሲነቀል ራሱ ከነጭ ሽንኩርት ፍሬ አይበልጥም። ዓመቱ ይዞርና እንደገና ይነግረዋል። «ዘንድሮ ይሰጣል።»

የውባንተ እኩዮች ከሰፈሩ እየወጡ ነበር። በረሃውን አቋርጠው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄዱት ማለቴ ነው። አንዳንዱ ደርሶ ድምፁ ይሰማል። አንዳንዱ አይሰማም፤ እናቱም ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ አትነሣም፤ ዐቅም ያጣች ይመስል ተቀምጣ ትቀራለች። ከጥምቀት በኋላ የሚነሡ ልጆች እንዳሉ ተሰማ። ውባንተም ከእነሱ ጋር እንደሚነሣ ለእናቱ ለእቴ ዘርፌ ነገራት። ለአባቱ አልነገረም። ለእናቱ የነገራት ይህ ነው።

«እማዬ፣ አባዬ ዘንድሮ ይሰጣል ሲል እኔ ጥርስ እያበቀልኩ ነበር። አሁን ጺም አበቀልኩ። መሬቱ ግን ምንም አላበቀለም።»

እሷም ሣቀች አሉ። ሣቀችና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያው ቀን ለባሏ ነገረችው።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጭንቀት ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ችግሩ መሬት ብቻ አልነበረም። ልጁ ሊሄድ ነው። ልጁን የሚያስቀር ነገር ቢኖር ሽንኩርት ነው፤ እሱ እንዲያ ነው ያሰበው። ደህና ሽንኩርት በዚህ ወቅት ከተነሣ ልጁ ይቀራል። ካልተነሣ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤቱ ጓሮ ጥሩ አፈር መርጦ የሽንኩርት ችግኝ አፈላ። ችግኙ አማረ። ጓሮው ላይ ጨው አልነበረም።

ተከላው ሲቃረብ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወደ ማሳው መጣች። ትርንጎ ትባላለች። ማሳውን ዞራ አየች፤ ጎንበስ ብላ አፈሩን ቆፈር አደረገችና ከታች ያለው ውሃ ምን ያህል እንደቀረበ አሳየችው። ከዚያ የምታስበውን ነገረችው። ሽንኩርት ለስላሳ ተክል ነው፣ ጨው አይችልም አለችው። በመጀመሪያ ጨው የሚችል ይግባ፤ ገብስ ዝራ። ገብሱ ሲነሣ ገለባውን አትውሰደው፣ መሬቱ ላይ ተወው፤ ፀሐይ እንዳይመታው ያለብሰዋል። ከጎኑ ማፋሰሻ ቆፍር፤ ጨው ያለበት ውሃ የሚወጣበት በር ይኑረው። ቀጥሎ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ተክል አስገባ፤ አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ አለ፤ ከታች የተጠራቀመውን ውሃ እሱ እየጠጣ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ማሽላ። ሽንኩርት ከሁሉ በኋላ ነው አለችው።

አያ አስረስ በትሕትና ሰማት። ከዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቃት። ሦስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አለችው፤ በእርግጠኝነት ለመናገር አልፈለገችም።

እሱም መለሰላት። «የኔ ልጅ፣ እኔ የማስቀረው መሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ እልሽ ነበር።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። እሱም አላብራራላትም።

ገብስ መዝራት በዚያ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የሰውየውን ሸክም አታውቁትም። ገብስ የደጋ እህል ነው። የደጋ ሰው በዝናብ ይዘራዋል። በቦይ ውሃ ግን የሚጠጣው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው፤ ገበያ የሚወጣ ነገር። በቦይ ውሃ ገብስ የሚዘራ ሰው ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፤ ወይም አእምሮው የተነካ። ደግሞም ሥርዓት አላቸው። ተከላ ሲቃረብ ሰዎቹ ሁሉ በቦዩ ራስ ላይ ይሰበሰባሉ። የውሃ አባት የሚሉት፣ ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሽማግሌ ከመካከላቸው ይቀመጣል። እያንዳንዱም ዘንድሮ ምን እንደሚተክል በሰው ፊት ይናገራል። ሽንኩርት ያለ ሰው ከፊት ይሰለፋል። ሌላ ነገር ያለ ሰው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ውሃ የሚደርሰውም የሽንኩርቱ ሁሉ ጥም ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ታዲያ ሰው እንዴት አድርጎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ገብስ ይላል?

በዚያው ሰሞን እቴ ዘርፌ ባሏን እጁን ይዛ ወደ ማሳው ድንበር ወሰደችው። በየዓመቱ ጨዉን የሚከምሩበት ቦታ ነው። ለአህያዋ ከደጋ የተገዛ ገለባ እዚያ አራግፋ ነበር፤ በገለባው ውስጥ የቀረች ፍሬ ወድቃ፣ ከክምሩ እግር ስር ገብስ በቅሏል። ብዙ አይደለም፣ እፍኝ የማይሞላ ነው። ግን አረንጓዴ ነው። ግራና ቀኙ ነጭ፣ መካከሉ አረንጓዴ።

እሷም እንዲህ አለች። «አልዘራነውም፣ አላጠጣነውም፣ ጨው ደፋንበት። እንዲያም ሆኖ አልተቀየመንም።»

አያ አስረስ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰና የሽንኩርት ችግኙን አጠጣ።

አትፍረዱበት፣ ወገኖቼ። እውቀት የጎደለው ይመስላችኋል? ባለሙያዋ ነግራዋለች። ሚስቱ አሳይታዋለች። ገብሱ ራሱ በቅሎ መስክሯል። እውቀት አልጎደለውም። የጎደለው ለልጁ የሚነግርበት አፍ ነው። «ልጄ ሆይ፣ ዘንድሮ አይሰጥም» የሚለውን ቃል ከጉሮሮው ማውጣት አልቻለም። ሽንኩርት ተክሎ ቢከስር ይቀለዋል። ለምን? ሽንኩርቱ እስኪነቀል ድረስ ልጁ ይጠብቃላ። እስከዚያ ድረስ ተስፋ አለ። የሐሰት ተስፋ ቢሆንም፣ እስከዚያ ድረስ ልጁ ከቤት አለ።

ስንቶቻችን ነን እንደዚህ የምንኖር?

የመፋቂያው ቀን ደረሰ። አባትና ልጅ አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ከየማሳው የአካፋ ድምፅ ይሰማል። ውባንተ ይፍቃል፤ አባቱም ይፍቃል። ጆንያው ሲሞላ ውባንተ ተሸክሞ ወደ ድንበሩ ይሄዳል፣ አራግፎ ይመለሳል። አያ አስረስ የልጁን ጀርባ እያየ ነበር። ላቡ በሸሚዙ ላይ ደርቆ ነጭ መሥመር ሠርቷል። ጨው ነው። መሬቱ ላይ ጨው፣ የልጁ ጀርባ ላይ ጨው።

ያን ጊዜ ነው የተናገረው።

«ውባንተ፣ አካፋውን አስቀምጠው።»

ልጁ አባቱ የደከመው መስሎት፣ ተቀመጥ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አለው።

«አልደከመኝም። ሽንኩርት የለም፣ ልጄ። ዘንድሮም የለም፣ ከርሞም የለም። ይህ መሬት ሽንኩርት አይችልም። ገብስ ነው የምዘራው፣ ከዚያ ሣር ነው፣ ከዚያ ማሽላ ነው። ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ሊበልጥም ይችላል። እናትህ የምታስበውን ነግራኛለች። ልሂድ ካልክ አልይዝህም። ዘንድሮ ይሰጣል ብዬ ግን ከእንግዲህ አልይዝህም።»

ውባንተ አካፋውን መሬቱ ላይ ተክሎ እጀታውን ይዞ ቆመ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«መቼ ነው ይህን ያወቅኸው?»

«ካወቅሁ ቆየሁ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ አይታወቅም። አካፋውን ነቅሎ በትከሻው ላይ አደረገና ወደ ቤት ሄደ። የሞላውን ጆንያ እዚያው ተወው። አባቱ ብቻውን በነጩ መሬት ላይ ቀረ፤ ግማሹ የተፋቀ፣ ግማሹ ያልተፋቀ።

በማግስቱ ሰዎቹ በቦዩ ራስ ላይ ተሰበሰቡ። የውሃ አባቱ አያ ይመር ይባላል፤ ምላሱ ስል የሆነ፣ ግን ውሃ ሲያካፍል የማያዳላ ሽማግሌ ነው። እያንዳንዱ ተነሥቶ ተናገረ። ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት። አያ አስረስ ተራው ደረሰ። ተነሣ። ገብስ አለ።

በመጀመሪያ በደንብ ያልሰሙት መሰላቸው። አያ ይመርም ድገመው አለው። ደገመው።

ከኋላ አንዱ፣ ለበቅሎ ነው ወይስ ለጠላ ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ አስረስ በቅሎ የለውም፣ ጠላ ነው አለ። ሣቅ ሆነ። ሌላው ደግሞ ሲጠመቅ እንዳይረሳን አለ። አያ ይመር ሣቁን ዝም አሰኘና እንዲህ አለ።

«በቦይ ውሃ ገብስ? አስረስ፣ ይህን ወንዙ ቢሰማ ወደ መጣበት ይመለሳል።»

እንደገና ተሣቀ። ከዚያ አያ ይመር ሥርዓቱን ነገረው። ሽንኩርት ሳይጠጣ ገብስ አይጠጣም። አስረስ መጨረሻ ነህ፤ ውሃ ከተረፈ ይደርስሃል፣ ካልተረፈም አትቀየም። አያ አስረስ ለመቀመጥ ጎንበስ አለ። በዚህ ጊዜ ከሰዎቹ ጀርባ ድምፅ ተሰማ።

«መጨረሻ ይሁንልን። እኛ ብዙ ውሃ አንፈልግም።»

ውባንተ ነበር። መቼ እንደመጣ ማንም አላየውም። አያ አስረስ ዘወር ብሎ አላየውም፤ ፈርቶ ነው። ቢያየው ቃሉን መልሶ የሚወስደው መሰለው። ግን የሰማውን ሰምቷል። ልጁ «አባቴ ብዙ ውሃ አይፈልግም» አላለም። «እኛ» አለ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህን ልጅ ምንድን ነው ያስቀረው? ሽንኩርት ነው? ሽንኩርት እንደሌለ ተነግሮታል። ተስፋ ነው? ሦስት ዓመት ጠብቅ ተብሏል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል ተብሏል። ያስቀረው አባቱ ከዓመታት በኋላ የነገረው የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር ነው። አባቱ ልጄን የምይዘው በጣፋጭ ቃል ነው ብሎ ያስብ ነበር። ልጁን ከቤት እያስወጣው የነበረው ያው ጣፋጭ ቃል ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስላችሁ። ጥምቀት አለፈ፤ ልጆቹ ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ ውባንተን ሊሰናበተው ማሳው ድረስ መጣ። ውባንተ ማፋሰሻውን እየቆፈረ ነበር። ወጥቶ አቀፈው፣ ተመልሶም ገባ።

ገብሱ በቀለ። ሙሉ ሆኖ አልበቀለም፤ እንደ ራሰ በራ ሰው፣ እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ነበረው። ውሃው መጨረሻ ስለደረሰው ጥቂት ነበር፤ ጥቂት መሆኑ ደግሞ ከታች ያለውን ውሃ እንዳይጨምር ረዳው። የተሣቀበት ተራ ጠቀመው። የገብሱን ምርት ቤታቸው በላው፤ ገለባውን መሬቱ ላይ ተዉት። በቀጣዩ ዓመት አልፋልፋ አስገቡ። አልፋልፋው ሥሩን ወደ ታች ላከ፤ ማንም የማያየውን ውሃ እየጠጣ ዝቅ አደረገ። እቴ ዘርፌ በእሱ ላም አረባች። ሰፈሩ ትንሽ ትንሽ እያለ መሣቁን ተወ፤ ወተት ሊገዛ ሲመጣ መሣቅ አይመቸውም።

ከዚያ ማሽላ ሆነ። ከማሽላው በኋላ ውባንተ ማሳው ዳር አንድ ትንሽ መደብ ለይቶ ሽንኩርት ተከለ። አባቱ ሳይሆን እሱ ነው የተከለው፤ አባቱ ገና ነው ብሎ ነበር። ቅጠሉ ጫፉ አልተለበለበም።

ማሳው ሁሉ ዳነ ወይ ብትሉኝ፣ አልዳነም። መካከሉ ላይ ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ዛሬም ሣር ብቻ ነው የሚያበቅለው። አያ አስረስም ተወው፤ ያ ቦታ ሣር ይሁን አለ። በአያ ይመር ማሳ ላይ ደግሞ አሁን ነጭ ነገር ይታያል። ዘንድሮም ሽንኩርት ነው የተከለው። ተከላ ሲቃረብ ይፍቃል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተም ማሳ አላችሁ። መሬት የሌለው ሰው እንኳን ማሳ አለው። ትዳር ማሳ ነው። ከወንድማችሁ ጋር ያላችሁ ነገር ማሳ ነው። ዝም የሚላችሁ ልጅ፣ ዝም የምትሏት እናት ማሳ ናቸው። ስንቶቻችሁ ናችሁ መሬቱ የነጣባችሁ?

ከላይ ትፍቃላችሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከላይ ትፍቃላችሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስትመጡ ከቤት የወጣችሁት ፍቃችሁ ነው። ሌሊቱን ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሰው ሲያዩ ፈገግ አሉ። መሬቱ ጥቁር ሆኖ አማረ። ወደ ቤት ሲመለሱስ? የመጀመሪያው ነገር ሲፈስበት ነጩ ተመልሶ ይመጣል። ስለ አንድ ብርጭቆ የተጀመረ ጠብ ይመስላችኋል። ጨው ከላይ ታየ እንጂ ከላይ አልመጣም። ከታች የተጠራቀመ ነገር አለ፤ ስታስገቡ ኖራችሁ መውጫ አላበጃችሁለትም።

ደግሞ ስትፍቁ የኖራችሁትን የት ነው የከመራችሁት? ድንበሩ ላይ ነው። ከጎረቤታችሁ ጋር በምትገናኙበት ቦታ ነው። ዝናብ ሲመጣ ወዴት ይሄዳል?

ልንታረቅ ስንነሣ ደግሞ የምንቸኩለው ወደ ሽንኩርቱ ነው። ለስላሳውን፣ ገበያ የሚወጣውን፣ ሰው የሚያየውን። ሚስቱን ለዓመታት ያቆሰለ ባል ለበዓል አዲስ ልብስ ይዞ ይመጣል። ወንድሙን በድንበር ነገር የከሰሰ ሰው በሠርግ ላይ አንገቱን አቅፎ ይስማል። ልጁን ያልሰማ አባት ዘንድሮ ይሰጣል ይላል። ልብሱም፣ መሳሙም፣ ተስፋውም ክፉ አይደለም። ሽንኩርት ክፉ ተክል አይደለም። ግን ጨው ላይ አይበቅልም። ሲለበለብ ደግሞ ምን ትላላችሁ? እኔ የምችለውን አደረግሁ፣ መሬቱ ክፉ ነው ትላላችሁ።

መሬቱ ክፉ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው።

በመጀመሪያ ጨው የሚችለውን አስገቡ። ጨው የሚችለው ምንድን ነው? እውነት ነው። ውበት የለውም፣ ሻካራ ነው፣ ሰው ይሥቅበታል። «በድዬሻለሁ፣ ወዲያው እንደማይድንም አውቃለሁ።» ይህ ገብስ ነው። ሙሉ ሆኖ አይበቅልም፤ ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ግን በነጩ መካከል አረንጓዴ ይሆናል። የወደቀውን ገለባ አትልቀሙት፤ የተነጋገራችሁትን ሰው ፊት አታውጡት፤ እዚያው ላይ ይቅር፣ መሬቱን ያልብሰው። መውጫም አብጁለት፤ መውጫ ከኩራታችሁ ትንሽ መሬት ይወስዳል፣ ይውሰድ። ከዚያ ሥሩ የሚጠልቀውን አስገቡ፤ ዛሬም መገኘት፣ ነገም መገኘት፣ ማንም ሳያይ ከታች ያለውን መጠጣት። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አልነግራችሁም፤ እኔም አላውቅም። የማይድን ቦታም ሊኖር ይችላል። ይኑር፤ ሣር ያብቅል።

ሽንኩርቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጣም ምናልባት የሚተክለው ሌላው ሰው ይሆናል፣ እናንተ ገና ነው ስትሉ።

በውሃ ተራ መጨረሻ ትሆናላችሁ። ይህን አልደብቃችሁም። ሌሎች ከፊታችሁ ይጠጣሉ፤ ይሥቁባችኋልም። ነገር ግን እግዚአብሔር በተራው መጨረሻ የቆመውን ሰው አይቶ የሚያልፍ አይደለም። ጥቂቷን ውሃ ለገብስ የምትበቃ አድርጎ የሚልክ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ስትደርሱ፣ ፊታችሁን ልታሳምሩ፣ ነጩን ልትፍቁ እጃችሁ ይነሣል፤ ልማድ ነውና።

አካፋውን አስቀምጡት።